ከባሕር ወለል የመጣው ዳታ ግራ ሲያጋባ

ባሕር ወለል ላይ ቆሞ የውሃ ፍሰትን የሚለካው የዶፕለር ፍጥነት መለኪያ ውሃውን ራሱን አያይም። ድምፅ ይለቃል፤ ከውሃው ጋር ከሚንሳፈፈው ደቃቅ ነገር ነጥሮ የሚመለሰውን ያዳምጣል። ስለዚህ የፍጥነቱ ቁጥር ግራ ሲያጋባችሁ ሌሎቹን ሁለት ዓምዶች ክፈቱ፦ የተመላሹን ድምፅ ጥንካሬና ኮሪሌሽኑን (ተከታታይ ተመላሾች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ በመቶኛ የሚያሳየውን)። አብዛኛው ጣጣ እዚያ ይታያል።

ፍጥነቱ ዜሮ ላይ ተጣብቆ ቀረ

ሁለት ቀን ጥሩ ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ጭጭ ይላል። ባሕሩ ግን አልተኛም። ተመላሹ ድምፅ በጣም ጠንካራ፣ ኮሪሌሽኑም መቶ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ከሆነ፣ የምትለኩት አሸዋ ነው። ወይ ማቆሚያው ሰምጧል፣ ወይ ሞገዱ አሸዋ ከምሯል። ብዙዎቹ መለኪያዎች የሚያዩት ከአፋቸው 15 ሴንቲሜትር ገደማ ርቆ ያለች ጠባብ ቦታ ስለሆነ ትንሽ ክምር ይበቃል። ያንን የዳታ ክፍል ጣሉት፤ አይድንም። ለቀጣዩ ጊዜ ከእግሮቹ ሥር ሰፋ ያለ ሳህን ግጠሙ፣ መለኪያውንም ከፍ አድርጉት።

ሁለቱም ዓምዶች ዝቅ ካሉ ነገሩ ሌላ ነው። በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ከወረደ ሴንሰሩ ላይ አልጌ ወይም ቀንድ አውጣ መሰል ነገር በቅሏል፤ ማጽዳት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝቅ ያለ ከሆነ ውሃው በጣም ጥርት ያለ ነው፤ የሚያስተጋባ ነገር የለውም።

ፍጥነቱ ከፕላስ ወደ ማይነስ ይዘላል

በአንድ ንባብ ልዩነት ውሃ ፊቱን አያዞርም። የመረጣችሁት የፍጥነት ክልል ጠቧል ማለት ነው፤ ከጣሪያው ያለፈው ከታች በኩል ብቅ ይላል። ሰፋ ያለ ክልል ምረጡ፤ ጫጫታው ግን ትንሽ ይጨምራል። የተቀዳውን ማዳን ይቻላል፤ ዝላዩ ሁልጊዜ እኩል ስለሆነ መልሶ መደመር ወይም መቀነስ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚታዩ ሹል ንባቦች ጎሪንግና ኒኮራ በ2002 ያወጡት ማጣሪያ ጥሩ ነው።

ላይ ሞገድ አለ፣ የግፊት ሴንሰሩ ግን ዝም ብሏል

አልተበላሸም። 20 ሜትር ጥልቀት ላይ የ10 ሰከንድ ሞገድ ግፊት ከ60 በመቶ በላይ ወለሉ ይደርሳል። የ4 ሰከንዱ ግን ከ76 አንድ እጅ ብቻ! በሂሳብ ወደ ላይ ስትመልሱት በ76 ታባዛላችሁ፤ ጫጫታውም አብሮ ይባዛል። ያልነበረ የአንድ ሜትር ሞገድ በወረቀት ላይ ይፈጠራል። ስለዚህ ከተወሰነ ፍሪኩዌንሲ በላይ ቁረጡ፣ ወይም አጫጭር ሞገዶችን የምትፈልጉ ከሆነ ሴንሰሩን ወደ ላይኛው ውሃ አስጠጉ።

አቅጣጫው ጠማማ ነው

ብረቱ ነው። ኮምፓሱ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተስተካክሎ ከዚያ ብረት ማቆሚያ ላይ ቢታሰር ዋጋ የለውም። ባትሪውም ማቆሚያውም ተገጥመው እያሉ አዙራችሁ አስተካክሉ፤ ባትሪ ከቀየራችሁ እንደገና። ማቆሚያው ካልተነቃነቀ ስህተቱ የማይለወጥ ማዕዘን ነው፤ አቅጣጫው ከሚታወቅ የማዕበል (የባሕር ሙላትና ጉድለት) ፍሰት ጋር አነጻጽራችሁ ዳታውን በሙሉ በዚያው ልክ ማዞር ይበቃል።