ለቦይለር አኖድ ስትገዙ

አራት ኪሎና ካዛንቺስ አካባቢ ቦይለር እጠግናለሁ። ሰው የሚደውልልኝ ወይ ውሃው አልሞቅ ሲል ነው፣ ወይ ከቦይለሩ ሥር ዝገት የቀላቀለ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ውሃውን የሚያሞቀውን ሬዚስታንስ ወይም ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ቀይሬ እሄዳለሁ። ሁለተኛው ግን ከሥር ያለው ክዳን ውሃ እንዳያስወጣ የሚይዘው ጎማ ችግር ካልሆነ ታንኩ ተበስቷል ማለት ነው። የተበሳ ታንክ ደግሞ ቢበየድም አያዛልቅም፤ ይጣላል።

ይህን የሚከላከለው ታንኩ ውስጥ ያለው አኖድ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ «የቦይለር ማግኒዚየም» ብትሉ ይገባቸዋል። ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ዘንግ ነው። የታንኩ ብረት ከውስጥ ኢናሜል በሚባል መስታወት መሰል ሽፋን ተለብጧል፤ ኢናሜል ግን ስንጥቅ አያጣም። ማግኒዚየሙ ከብረቱ ጋር ተነካክቶ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ የሚበላው እሱ ነው፤ ብረቱ ይተርፋል። ዘዴው የመርከብ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1824 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን የመዳብ ልባስ ከባሕር ውሃ ለማዳን ብረትና ዚንክ ገጥሞባቸው ነበር።

ዚንክ እስካሁንም ለባሕር ጥሩ ነው። ለእኛ ግን አይሆንም። ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳም ሆነ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ጨዋማ አይደለም፤ እዚያ ውስጥ የዚንክ ጉልበት ያንሳል። ውሃው ከ60 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ ነገሩ ሊገለበጥ፣ ብረቱ ተበልቶ ዚንኩ ሊተርፍ ይችላል። ጣና ላይ የብረት ጀልባ ያለው ሰው ቢጠይቀኝም መልሴ ያው ማግኒዚየም ነው። ሙቅ ውሃችሁ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ብቻ የአሉሚኒየም ቅይጥ ሞክሩ።

መርካቶ ስትሄዱ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላችኋል። እዚያ ያልሆነ የለም። ስለዚህ በእጃችሁ መዝኑት። ማግኒዚየም በጣም ቀላል ነው፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው ዚንክ አራት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ከአሉሚኒየም መለየት ትንሽ ያስቸግራል። ጫፉን በሞረድ ፋቅ አድርጉና ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ማግኒዚየም ከሆነ ወዲያው አረፋ ይደፍቃል። አሉሚኒየም ዝም ይላል። ሻጩ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የቡሎኑ ውፍረት ከቦይለር ቦይለር ይለያያል፣ ባለ 5፣ ባለ 6፣ ባለ 8 ሚሊ አለ። በዓይን ግምት የተገዛ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ወፍራም ከተገኘ ወፍራሙን እመርጣለሁ፣ ይቆያል። ርዝመቱ ግን ሬዚስታንሱን ወይም የታንኩን ግድግዳ እንዳይነካ።

ለመግጠም መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ ውሃውን አፍስሱ፣ ከዚያ ከሥር ያለውን ፍላንጅ፣ ማለትም በቡሎን የታሰረውን የብረት ክዳን፣ ፍቱ። አንዲት እናት ቤት አኖዱን ሳወጣው እንደተገዛ ነው፤ አንድም ቦታ አልተነካም።

«ይኼማ አዲስ ነው ልጄ፣ መልሰህ ግጠመው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ካልተበላ እኮ አልሠራም ማለት ነው» አልኳቸው።

የገጠመው ሰው ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ጠቅልሎበታል። መቀመጫውም በነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል። ብረት ብረትን ካልነካ ዘንጉ እዚያ የተንጠለጠለ ጌጥ ነው። ታንካቸውን በባትሪ ሳየው ከታች በኩል ቀይ ዝገት ጀምሮታል። ስለዚህ መቀመጫውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፤ ቴፍሎንም ሲሊኮንም አታስጠጉ፤ ቀለም መቀባትማ የማይታሰብ ነው። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካላችሁ ከዘንጉ እስከ ፍላንጁ ለኩ፣ መጮህ አለበት። አንዳንድ ቦይለር አኖዱን በትንሽ ሽቦ ለብቻ ያገናኘዋል፤ የእናንተ እንደዚያ ከሆነ ሽቦውን መልሳችሁ አስሩ።

በዓመት አንዴ አውጥታችሁ እዩት። ግማሹ ካለቀ ቀይሩ። የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳችሁ ከሆነ ማዕድኑ ስለሚበዛ ቶሎ ይበላልና ቀደም በሉ።

ስትጨርሱ ጎማውን አዲስ አድርጉ። ውሃውን ክፈቱና ሙቅ ውሃው ቧንቧ ያለ አየር እስኪወርድ ጠብቁ፤ ብሬከሩን ከዚያ በፊት ካበራችሁት ሬዚስታንሱ ይቃጠላል። የቀየራችሁበትን ቀን በማርከር ቦይለሩ ጎን ላይ ጻፉት። ቀጥሎ የሚመጣው ጠጋኝ ከእናንተ አፍ ሳይጠብቅ ያነበዋል።