የበዓል በግ ሊያርዱ ነው? ከቢላ አመራረጥና አሳሳል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጅ ሳለሁ፣ ደሴ አያቴ ግቢ፣ በአንድ የአረፋ ጠዋት የታረደው በግ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። አራጁ ልምድ ያለው ሰው ነበር። በጉ በደንብ ተይዟል፣ ፊቱም ወደ ቂብላ ዞሯል። ቢላው ግን ሽንኩርት ሲከተፍበት የከረመ ነው። አንዴ ሳበው፤ ጸጉሩ ላይ ተንሸራተተ። ደገመው። ደም የመጣው በሦስተኛው ነው። አያቴ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ቢላው ከዋዜማው ሳይሳል እሷ ግቢ በግ ታርዶ አያውቅም።

ወሎ ውስጥ አንዱ ለአረፋና ለመውሊድ ያርዳል፣ አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ ለፋሲካና ለገና። ሰርግ ሲሆን ደግሞ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል። ቢስሚላህ ብሎ የሚያርደውም፣ በስመ አብ ብሎ የሚያርደውም ሲሳሳት የሚሳሳተው አንድ ዓይነት ነው። በጉ የሚሰቃየው ወይም የማይሰቃየው ጠዋት አይደለም የሚወሰነው፤ ማታ፣ ቢላው ሲመረጥና ሲሳል ነው።

የወጥ ቤቱን ቢላ ማንሳት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የወጥ ቤት ቢላ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ አጭር ቢላ ደግሞ በአንድ ስበት አይጨርስም፣ ወዲያ ወዲህ እንደ መጋዝ ያስኬዳል። ከዚህ የሚብሰው ጫፉ ነው። የቢላው ርዝመት ከአንገቱ ስፋት ብዙም የማይበልጥ ከሆነ፣ በሚሳብበት ጊዜ ጫፉ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ ይወጋል። በጉ ድንገት የሚንፈራገጠውም ያኔ ነው።

በዕርድ ሥራ የታወቀው መለኪያ ቀላል ነው፦ ስለቱ ቢያንስ የአንገቱን ስፋት ሁለት እጥፍ ይርዘም። አንድ መካከለኛ በግ አንገቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ስለት ያለው ካራ ያስፈልጋል ማለት ነው። ለበሬ ይህ አይበቃም።

ጥርስ ያለውን የዳቦ ቢላ ጭራሽ አያስቡት። እሱ ይቦጭቃል እንጂ አይቆርጥም።

በብልጭታው ወይም በግርማው መግዛት

ገበያ ላይ ዓይን የሚስበው የሚያብረቀርቀው፣ የማይዝገው ቀጭን ቢላ ነው። ርካሹ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ቤት ሲደርስ የቆረጠው ቢላ ሁለተኛው በግ ላይ ዶልዱሞ ያገኙታል። ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራው ጥቁር ካራ ግን፣ ሸጋ ሆኖ ከተሠራ፣ ለዚህ ሥራ ይበልጠዋል። የባሌስትራ ብረት ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለው፤ ግሎ በዘይት ሲነከር ይጠነክራል፣ ስለቱንም ይይዛል። ጉዳቱ መዛጉ ነው። ደም ላዩ ላይ ካደረ በማግስቱ ቀይ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ቀባ ተደርጎ በጨርቅ ከተጠቀለለ ግን ለልጅ የሚተርፍ ዕቃ ነው።

ቀጥቃጩ በትክክል አጠንክሮት እንደሆነ በሞረድ ይታወቃል። ከስለቱ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገው ሞረዱን ይግፉት። ሞረዱ በቀላሉ ነክሶ ብናኝ ካወጣ ብረቱ ለስላሳ ነው። እንደ መስታወት ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ጠንክሯል። ሻጩ ይህን ሲያደርጉ ካኮረፈ ይለፉት።

ባቲ ሰኞ ገበያ የወረደ ሰው ደግሞ የአፋሮቹን ጊሌ አይቶ ይጎመጃል። ጊሌ ጎባጣ፣ በሁለቱም በኩል የሚቆርጥ የወንድ ልጅ መታጠቂያ ነው። እኔም አከብረዋለሁ። ለዕርድ ግን ጀርባው ጣት የማይቆርጥ፣ አንድ ስለት ብቻ ያለው፣ ጫፉ ያልሾለ ቢላ ነው የሚሻለው።

እጀታውንም ነቅነቅ አድርገው ይዩት። የላላ እጀታ በደም ሲረጥብ እጅን ወደ ስለቱ ያንሸራትታል።

ብየዳ ቤት ወስዶ በግራይንደር ማስሳል

በዓል ሲቃረብ ብየዳ ቤት ደጃፍ ቢላ ይዞ የሚሰለፈውን ሰው አያለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ብልጭታው ይረጫል፣ ቢላው ተስሎ ይመለሳል። ግን ጠርዙን ቀረብ ብለው ይዩት። ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቀለም ካለው ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ግድም ግሎ ነበር ማለት ነው። ቀጥቃጩ የሰጠው ጥንካሬ በዚያ ጠርዝ ላይ ቀንሷል። ስለቱ ሻካራ ይሆናል፣ ቶሎም ይሞታል። የዓመት ዓመት ሲደጋገም ደግሞ ቢላው እየሳሳ ሄዶ መርፌ ያክላል።

በመሳያ ድንጋይ ቤትዎ ይሳሉት። ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። ድንጋዩን በውሃ ያርሱት። ቢላውን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ግማሽ ያጋድሙት፤ ከዚያ የቀረውን እንደገና ግማሽ ያጋድሙት። ያ 22 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለዕርድ ቢላ የሚበቃ። ያንን አያያዝ ሳይለቁ ከእጀታው እስከ ጫፉ በአንድ ወገን ብቻ ይሳቡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ሁለቱን ጎን አንድ አንዴ እያፈራረቀ ያሻሻል። መጀመሪያ በአንዱ ጎን ይቆዩ፣ በሌላው ጎን በአውራ ጣት ቀስ ብለው ከጀርባው ወደ ጠርዙ ሲዳብሱት ጸጉር የመሰለች ሻካራ ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ እስክትነካዎት። ያቺ ከወጣች ያኛው ጎን ደርሷል። ከዚያ ይገልብጡት፣ ተመሳሳዩን ይድገሙ። መጨረሻ ላይ ያቺን ሻካራ ብረት ለማስለቀቅ በቆዳ ቀበቶ ውስጠኛ ፊት፣ ስለቱን ወደ ኋላ አድርገው፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይጥረጉት።

የሰፈራችን አንድ አዛውንት አራጅ ቢላ የሚፈትኑት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ነበር። ስለቱን ሳይጫኑ ጥፍራቸው ላይ አጋድመው ያስቀምጡታል፤ ተንሸራቶ ከወረደ «ገና ነው» ብለው ይመልሱታል፤ ነክሶ ከቆመ ዝም ብለው ወደ አፎቱ ይከቱታል። ጥፍርዎን ካልደፈሩ በአንድ እጅ ያንጠለጠሉት ወረቀት ይበቃል። ሳይጎረብጥ፣ ሳያንቀጫቅጭ ከላይ እስከ ታች መሰንጠቅ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ እዚያ ጋ የተሸረፈ አለ።

በጉ ፊት መሳል

ነቢዩ ሙሐመድ ስለት እንዲሳል፣ የሚታረደውም እንስሳ እንዲያርፍ አዘዋል፤ እንስሳው እያየ ቢላ መሳልንም ነቅፈዋል። የክርስቲያን አያቶቻችንም ቢላን ከኋላ ደብቀው ነበር የሚቀርቡት። ለሥጋውም ይበጃል። ከጠዋት ጀምሮ ሲጎተት፣ ሲሯሯጥና ሲደነግጥ የዋለ በግ የጡንቻውን ጉልበት ጨርሶ ይታረዳል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ሳይበላሽም ብዙ አይቆይም።

መጫን፣ መቀጥቀጥ፣ መቸኮል

የተሳለ ቢላ በመሳብ ይቆርጣል። የሚጫን ሰው ቢላውን አያምነውም ማለት ነው፤ ስለቱም የአንገት አጥንት ጋር ይደርስና ይሸረፋል። ከማንቁርቱ በታች፣ የስለቱን ሙሉ ርዝመት ተጠቅመው፣ ሳያቋርጡ ይሳቡ፤ የአየር ቧንቧው፣ የምግብ ቧንቧውና በሁለት ጎን ያሉት ትላልቅ ደም ሥሮች አብረው መቆረጥ አለባቸው። ራሱን የያዘው ሰው አንገቱን አይመልሰው፤ ቁስሉ ቢላው ላይ ከተዘጋ ያሳምመዋል።

በግ በደንብ ከተቆረጠ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ውስጥ ራሱን ይስታል። ከብት ግን በአከርካሪው በኩል ወደ አንጎል የሚሄድ ሌላ የደም መንገድ ስላለው ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ እንስሳው ራሱን ሳይስት አንገቱን መስበር፣ ቆዳ መክፈት፣ እግር መስበር አይገባም። የዓይኑን ብሌን ሲነኩት የማይርገበገብ እስኪሆን ይጠብቁ። ብዙ በግ የሚታረድበት ቀን ከሆነም ከእያንዳንዱ በኋላ ስለቱን ይዩ።

በዚያው ቢላ መግፈፍ

ረጅሙ ካራ ሥራውን ጨርሷል፤ ያጥቡትና ያስቀምጡት። ለመግፈፍ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ሆዱ የጎበጠ፣ ጫፉ የዶለዶመ ትንሽ ቢላ ይውሰዱ። ያውም ለመክፈቻው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቆዳው ከሥጋው በጡጫ ነው የሚላቀቀው። ሌጦ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ከውስጥ በቢላ ጫፍ የተጫረ ሌጦ ኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ ሲደርስ እያንዳንዱ ጭረት ይታያል፣ ዋጋውም ይወድቃል። አጎዛ አድርገው ሊተኙበት ቢፈልጉ እንኳ ከጭረቱ ይቀደዳል።

ጸጉር የነካ ቢላ ወደ ሥጋ ሲመለስ ቆሻሻውን ይዞ ነው። ቄራዎች ቢላቸውን በ82 ዲግሪ ውሃ ያጠልቃሉ። ደሴ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ 92 አካባቢ ይፈላል፤ ያም ከበቂ በላይ ነው። አንድ ማሰሮ የፈላ ውሃ አጠገብዎ ይኑር።

ሌጦውን ፀሐይ ላይ አይዘርጉት። ሳይውል ሳያድር ደሙን አጥበው፣ ውሃውን አንጠፍጥፈው፣ የክብደቱን ግማሽ የሚያህል ጨው የሥጋው ፊት ላይ ይነስንሱበት፤ ጠርዙና የእግሩ ጥግ እንዳይዘለል።