የቆየ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃን ኬዝ ከለር መመለስ

ፓርከር፣ ኤል ሲ ስሚዝና ኤ ኤች ፎክስ በተባሉ የድሮ የአሜሪካ ጠመንጃዎች ሪሲቨር (አፈሙዞቹ የሚገጠሙበት የመሐል ብረት) ላይ የሚታየው ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቡናማ ዥጉርጉር ቀለም ኬዝ ከለር ይባላል። ቅብ አይደለም። ለስላሳ ብረት ከሰል ውስጥ ተቀብሮ ሲግል ላዩ ካርቦን ይጠጣል፤ ወዲያው ውሃ ውስጥ ሲገባ ጠንካራው ቆዳና ቀለሙ አብረው ይወለዳሉ። ቀለሙ እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሆነ በእጅ ንክኪና በፀሐይ ብርሃን ይጠፋል፤ ጥንካሬው ግን ይቀራል።

ስለዚህ በጋዝ እሳት ላዩን እየለበለቡ ቀለም ማውጣት እድሳት አይደለም። ብረት ሰማያዊ የሚሆነው 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ያ ሙቀት ደግሞ ጠንካራውን ቆዳ ያለሰልሰዋል። በሳያናይድ ጨው የሚሠራውም ዘዴ ገዳይ መርዝ ስላለበት ለግል ወርክሾፕ አይሆንም።

በመጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ይፍቱት፤ ከዚያ የመክፈቻውን ዘንግ ሥርና የፊት እንጨቱ የሚሸፍነውን ብረት ይመልከቱ። የመጀመሪያው ቀለም ሳይነካ የሚቆየው እዚያ ነው። በውጭ በኩልም ጥሩ ቀለም ከቀረ አይንኩት፤ አንዴ ከተወለወለ አይመለስም፣ የጠመንጃውም ዋጋ ይወርዳል። እንዲህ ላለው በለስላሳ ጨርቅና በቀላል ዘይት ማጽዳት፣ ቀጥሎም ስስ ሰም መቀባት ይበቃል።

እሳት ውስጥ የሚገቡት ሪሲቨሩ፣ የጎን ሰሌዳዎቹ፣ የምላጩ ሰሌዳና የፊት እንጨቱ ብረት ብቻ ናቸው። ሞላዎች፣ መዶሻዎችና መምቻ መርፌዎች በሙሉ ይውጡ፤ ሞላ በዚያ ሙቀት ካለፈ ሞላነቱ ያበቃል። አፈሙዞቹ ፈጽሞ አይገቡም፤ የተያያዙበት ብየዳ ይቀልጣል።

የድሮው ጠንካራ ቆዳ ለሞረድ አይበገርም። ክፍሎቹን ከሰል ውስጥ ቀብረው እስከ 800 ዲግሪ ያግሉና እቶኑ ውስጥ እንዳሉ ሌሊቱን ይቀዝቅዙ። የደበዘዘ ቅርጻ ቅርጽ የሚታደሰው፣ የተጣመመ የሚቃናው አሁን ነው። ውልወላው ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 220 ጀምሮ ይበልጥ እስከሚልመው ቁጥር 400 ይሂድ። ጣት ብቻውን ወረቀቱን ከያዘ ጠርዙ ይዶለዱማል፣ የብሎን ቀዳዳም ዙሪያው ይጎደጉዳል፤ ቀለሙ ሲወጣ ይህን ጉድለት አጉልቶ ያሳየዋል። በመጨረሻ በአሴቶን ያጥቡ፣ ከዚያ በኋላ በንጹሕ ጓንት ብቻ ይያዙ። አንድ የጣት አሻራ አንድ ግራጫ ነጠብጣብ ነው።

ብዙ ሪሲቨር የሚበላሸው በመጣመም ነው። የአፈሙዙ ጥርስ የሚገባበት ክፍተት ውሃ ሲነካው ይጠባል ወይም ይከፈታል፤ ቀጭኑ የኋላ ጭራም ይጎብጣል። ክፍተቱን በልኩ በተሠራ የብረት ጉርድ ይሙሉ፤ ጭራውን ከወፍራም የብረት ሰሌዳ ጋር በብሎን ይሰሩ፤ ስፋቱን በካሊፐር ለክተው ይመዝግቡ። ከጠነከረ በኋላ በጉልበት ማቃናት ስንጥቅ ያመጣል፤ እንደገና ማለስለስ ግድ ነው።

ክፍሎቹ በብረት ሣጥን ውስጥ ከሰል ተሞልቶባቸው ይታሸጋሉ። ለዚህ ሁለት እጅ የእንጨት ከሰልና አንድ እጅ የአጥንት ከሰል ጥሩ መነሻ ነው፤ ሁለቱም ፍጹም ደረቅ፣ ፍሬያቸውም የሩዝ ያህል ይሁን። በክፍሉና በብረት ሣጥኑ ግድግዳ መካከል ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር ከሰል ይኑር፤ ክዳኑም በደንብ ይገጠም። አየር ከገባ ውጤቱ ቅርፊት ያለው ግራጫ ብረት ነው። 790 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያቆዩት፣ ከዚያ ወደ 720 ይውረድ። ይህ ለድሮው ዝቅተኛ ካርቦን ብረት ነው፤ ቅይጥ ብረት በዚሁ አሠራር ውሃ ውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። እቶኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ ቦታው አየር በደንብ የሚያዘዋውር ይሁን።

ውሃው ቀዝቃዛና ንጹሕ፣ ቢያንስ 100 ሊትር ይሁን፤ ከሥሩ በኮምፕረሰር አየር ይንፉበት፣ ዥጉርጉሩን የሚያወጡት አረፋዎቹ ናቸውና። ሣጥኑን በረጅም ጉጠት ይዘው ከውሃው ፊት ጋር አስጠግተው ይገልብጡት፤ ክፍሉ ከከሰሉ ጋር አብሮ ይውደቅ። በአየር ላይ የሚያልፍ አንድ ሰከንድ እንኳ ቀለሙን ያደበዝዛል። እንፋሎቱና ፍንጣሪው ኃይለኛ ስለሆነ የፊት መከላከያ፣ የቆዳ ጓንትና ሽርጥ የግድ ነው።

ቀለሙ ግራጫ ከሆነ በመጀመሪያ የአየር መግባትንና ቅባትን ይጠርጥሩ። ደብዛዛና አንድ ዓይነት ከሆነ አረፋው አንሷል፣ ወይም ብረቱ ውሃ ሳይደርስ ቀዝቅዟል።

ከውሃ ሲወጣ በሽቦ ብሩሽ አይንኩት። በሞቀ አየር ያድርቁት፣ ዘይት ቀብተው ያሳድሩት፤ በማግስቱ ጠርገው 160 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያቆዩት፤ ይህ ተሰባሪነቱን ይቀንሳል። ልኬቱን ከመዘገቡት ጋር ያስተያዩ። ቀጥሎ በአሴቶን አጽድተው ሁለት ስስ እጅ ግልጽ ላከር ይቀቡት፤ የአፈሙዝ ማጽጃ ኬሚካል ላከሩን ስለሚያነሳ ሲያጸዱ ወደ ሪሲቨሩ እንዳይፈስ። ጠመንጃው ከተገጣጠመ በኋላ መቆለፊያውን፣ የአፈሙዙን መግጠምና ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚያግደውን ሴፍቲ የጠመንጃ ባለሙያ ሳያይ ጥይት አይጉረስበት።