«ሠዓሊዎቹ አመፁ» አትበሉኝ፦ ስለ አቫንጋርድና ስለ ሸማችነት ፊልም ለምትሠሩ

ሥራዬ ዘጋቢ ፊልም ማቀናበር ነው። ጀማሪዎች ረቂቃቸውን «እስቲ እይልን» እያሉ ይልኩልኛል። ጉዳዩ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአቫንጋርድ ሠዓሊዎች፣ ማለትም የተለመደውን ጥበብ ጥሰው አዲስ መንገድ የሞከሩት፣ እና ዕቃ መግዛት የኑሮው ማዕከል የሆነው የሸማች ማኅበረሰብ ከሆነ አጀማመሩን ሳልከፍተው አውቀዋለሁ። በሱፐርማርኬት ጋሪ የሚገፉ ሴቶች፣ የሚያብረቀርቅ ፍሪጅ፣ የሚያሾፍ ሙዚቃ፣ ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ «ሠዓሊዎቹ ግን አመፁ» ይላል።

ኧረ እነማን ናቸው ያመፁት? አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል ስሙ ከመግነኑ በፊት እንጀራው የጫማ ማስታወቂያ መሣል ነበር። ጄምስ ሮዘንክዊስት ታይምስ ስኩዌር ላይ ተንጠልጥሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይቀባ ነበር። ክሌስ ኦልደንበርግማ እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ፣ በጄሶ የሠራቸውን ቀሚሶችና ኬኮች ራሱ ቆሞ ሸጧል። ሰዎቹ ገበያውን ያዩት ከውስጡ ሆነው ነው፤ ይወዱታል፣ ይቀልዱበታል፣ ይኖሩበታል፣ አንዳንዴም በአንድ ሥራ ሦስቱንም ያደርጉታል። ገበያው የምር ጠላቶችም ነበሩት፤ ፓሪስ ውስጥ ጊ ደቦርና ሲቱዌሽኒስቶቹ (የሸማች ማኅበረሰብን አምርሮ የተቸ የጥበብና የፖለቲካ ቡድን) ቀልድ አያውቁም ነበር። ግን እነሱንና ዋርሆልን በአንድ ሙዚቃ ሥር ስትከቷቸው ከሳሽና ተከሳሽን አንድ ወንበር ላይ አስቀመጣችሁ ማለት ነው። ይሄን ስንቴ እንደተናገርኩ እግዜር ይወቀው።

መጠን አለማሳየት ሁለተኛው ስሕተታችሁ ነው። ይሄኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ። ጣሊያናዊው ፒዬሮ ማንዞኒ በ1961 90 ቆርቆሮ አሸገ፤ በእያንዳንዱ ላይ 30 ግራም የራሱ ዓይነ ምድር አለበት ብሎ ጻፈ፣ ዋጋውንም በክብደቱ ልክ በወርቅ ተመነ። እኔ ታዲያ ቆርቆሮውን ስክሪን ሙሉ አድርጌ አሳየሁ። ፊልሙ ሲያልቅ አንዱ ተመልካች «ስንት ሊትር ይይዛል?» አለኝ። ቁመቱ እኮ 5 ሴንቲሜትር አይሞላም! አጠገቡ እጅ አሳዩ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ዋርሆል በ1964 የብሪሎን (የድስት መፈተጊያ ነው) ካርቶን አስመስሎ የሠራቸውን ሣጥኖችም እንዲሁ፤ እንጨት መሆናቸውን በቅርበት ካላሳያችሁ፣ ተመልካቹ ሰውየው የሱቅ ካርቶን ደርድሮ ሄደ ይላል።

ካሜራችሁ ከኒውዮርክ አይወጣም። ይውጣ እንጂ! ብራዚል በወታደራዊ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ በ1970፣ ሲልዶ ሜይሬሌስ የተባለ አርቲስት የኮካ ኮላ ጠርሙሶች ላይ በነጭ ቀለም የፖለቲካ መልእክት አተመና ወደ ገበያ መለሳቸው። ያኔ ባዶ ጠርሙስ ተመልሶ ይሞላ ነበር። ባዶውን ሲያዩት ጽሑፉ እምብዛም አይታይም፤ ጥቁሩ መጠጥ ሲሞላበት ግን ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ለፊልም ከዚህ የተሻለ ምን ምስል ይገኛል? እናንተ ግን ባለሙያ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ታስወሩታላችሁ።

የስዊዘርላንዳዊው ቀራጺ የዣን ቲንግሊ ማሽን በ1960 በኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ራሱን ሲሰባብር ተራኪው ዝም ይበል።

የምስል ፈቃድ ከቅንብር በፊት ጠይቁ።

በጨረታ መዶሻና በሚሊዮኖች መጨረስም ይቅርባችሁ። ገንዘብ ማንሳት ካለባችሁ ይሄን አንሱ፦ በ1962 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የዋርሆል 32 የሾርባ ቆርቆሮ ሥዕሎች ሲታዩ የአንዱ ዋጋ 100 ዶላር ነበር። ጥቂቶቹ ገዢ አግኝተው ነበር። ባለጋለሪው ኧርቪንግ ብለም ግን ሥዕሎቹ እንዳይበታተኑ ብሎ ገዢዎቹን አግባብቶ ግዢውን አስተዋቸው፣ ከዚያ ሁሉንም ለራሱ በ1,000 ዶላር ወሰደ። ያውም በወር 100 እየከፈለ።