ከፔክቲንና ከቤንቶናይት ኤሮጀል እንዴት ይሠራል?

ፔክቲን ከብርቱካንና ከአፕል ልጣጭ የሚወጣ ፖሊመር ነው። ቤንቶናይት ደግሞ ውሃ ሲጠጣ አብጦ 1 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ወዳላቸው ንጣፎች የሚላቀቅ የሸክላ አፈር ነው። ሁለቱ በውሃ ተዋህደው ከቀዘቀዙ በኋላ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ እንዲተን ሲደረግ፣ 96 በመቶ ገደማው አየር የሆነ ቁስ ይቀራል፤ ኤሮጀል የሚባለው ይህ ነው። ቀዳዳዎቹን የሚሠራቸው በረዶው ነው። ስለዚህ ምጥኑ ትንሽ ቢዛነፍ ብዙም አያስጨንቅም፤ አቀዘቃቀዙና አደራረቁ ከተበላሸ ግን የሚተርፍ ነገር የለም።

ለ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ 5 ግራም ፔክቲንና 2.5 ግራም ቤንቶናይት ያዘጋጁ። ለማርማላታ የሚሸጠውን ፔክቲን አይግዙ። አብዛኛው ስኳርና አሲድ የተቀላቀለበት ነው፤ ስኳሩ ከውሃው ጋር አይተንም፣ ቁሱንም አጣብቆ ያሟሽሸዋል። በካልሲየም እንዲጠነክር ከፈለጉ ሎው ሜቶክሲል የሚባለውን ንጹህ ፔክቲን ይፈልጉ።

ቤንቶናይቱ የሶዲየም ዓይነት መሆን አለበት፤ የካልሲየሙ በደንብ አይላቀቅም። ከአፋሩ ገዋኔም ይምጣ ከውጭ፣ በቀላሉ ይፈትኑት፦ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በያዘ መለኪያ ሲሊንደር ላይ 2 ግራም ዱቄት በጥቂት በጥቂቱ ይነስንሱና ለ24 ሰዓት ይተዉት። ያበጠው ክፍል ከ20 ሚሊ ሊትር በላይ ከያዘ የሶዲየም ነው። 10 እንኳ ካልሞላ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አሸዋ ካለበት 2 በመቶ አድርገው በውሃ ይበጥብጡት፣ አንድ ቀን ያስቀምጡትና ዝቃጩን ትተው ከላይ ያለውን ብቻ ቀድተው ያድርቁ። ደረቁን ሲፈጩ ማስክ ያድርጉ፤ የኳርትዝ ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ ነው።

ሸክላውን በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ በብሌንደር ለ5 ደቂቃ መትተው ያሳድሩት። በማግስቱ በቀሪው 50 ሚሊ ሊትር፣ 60 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውሃ ላይ ማማሰያው እየዞረ ፔክቲኑን ቀስ ብለው ይነስንሱ። በአንድ ጊዜ ከደፉት ውጪው ወዲያው ጄል ይሆንና ውስጡ ደረቅ ዱቄት የሆነ ጓል ይሠራል፤ ያንን ጓል ደግሞ ማሟሟት ከባድ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ሸክላው ውስጥ ይጨምሩትና በዝግታ ያዋህዱት። እንደ ወፍራም አጥሚት ይሆናል። እዚህ ላይ ብሌንደር አይጠቀሙ፤ የሚገባው አረፋ በዚህ ውፍረት አይወጣም፣ ሲደርቅም ቁሱ በዚያ በኩል ይሰበራል። ቫኪዩም ካለ ለጥቂት ደቂቃ ያስገቡት።

በፕላስቲክ ፎርማ ውስጥ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይቅዱ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር አፉ ድረስ አይሙሉት። በቤት ፍሪዘር፣ −20 ዲግሪ ላይ፣ በረዶው ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ቀዳዳዎቹ ትልልቅ ይሆናሉ፤ በደረቅ በረዶ (በጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድ) እና በኢታኖል፣ −70 አካባቢ፣ ይደቃሉ። ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጠነክር ቁስ ከፈለጉ ጎኑን በፎም ሸፍነው ታቹን በቀዘቀዘ ብረት ላይ ያስቀምጡት። በረዶው ከታች ወደ ላይ ያድጋል፣ ቁሱም ቁመቱን ተከትሎ ሲጫኑት የተሻለ ሸክም ይችላል።

በረዶውን በቫኪዩም የሚያተነው ማሽን ፍሪዝ ድራየር ይባላል፤ ተኑን የሚይዘው ቀዝቃዛ ክፍሉ (ኮንደንሰሩ) ከ−50 በታች፣ ግፊቱም ከ0.1 ሚሊባር በታች ይሁን። ለ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይወስዳል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ውጪው ደርቆ ሲያይ ማሽኑን ያጠፋል፣ መሃል የቀረው በረዶ ይቀልጥና ቁሱን ወደ ውስጥ ያሰምጠዋል። 4 ሰዓት አራርቀው ሁለት ጊዜ ሲመዝኑት ክብደቱ ካልተለወጠ ብቻ ማድረቁን ያቁሙ።

ማሽኑ ከሌለስ? በረዶውን ከፎርማው አውጥተው መጠኑን 10 እጥፍ በሚሆን፣ 1 በመቶ ካልሲየም ክሎራይድ በሟሟበትና −20 በቀዘቀዘ 80 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ለ24 ሰዓት ይንከሩት። ፔክቲን በኢታኖል ስለማይሟሟ በረዶው እየለቀቀ ሲሄድ ግድግዳው ባለበት ይረጋል፤ ካልሲየሙም ያስተሳስረዋል። ካልሲየሙን ገና ድብልቁ ውስጥ ከጨመሩት ግን ወዲያው ይጓጉላል። ከዚያ በ95 በመቶ ኢታኖል ሁለት ጊዜ ለውጠው፣ ነፋስ ባለበትና እሳት በሌለበት ያድርቁት። የቤት ፍሪዘር ብልጭታ ሊኖረው ስለሚችል የኢታኖሉ ዕቃ ክዳኑ ጥብቅ ይሁን። በዚህ መንገድ የተሠራው መኮማተሩ አይቀርም፣ ክብደቱም ከፍ ይላል።

ሲጨርሱ ክብደቱን ለይዘቱ ያካፍሉት። በፍሪዝ ድራየር የደረቀው በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.07 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። 0.12 ከሆነ ወይ ተኮማትሯል ወይ እርጥበት ይዟል፤ መሃሉን በስለት ከፍለው ይዩት። ፔክቲን ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ በተለይ በክረምት፣ ሲሊካ ጄል ባለበት የታሸገ ከረጢት ያስቀምጡት።