የዱር እንስሳት ትምህርት ሴት ተማሪዎችን ስንቆጥር የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ስለ ዱር እንስሳት አያያዝ ትምህርት ወሬ ከተነሳ "ሴቶቹ ስንት ናቸው?" መባሉ አይቀርም። ጥያቄው ጥሩ ነው። አመላለሳችን ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

በመቶኛ ብቻ ማውራት ይቅር። እንበል አምና 30 ተማሪ ገባ፣ 9ኙ ሴቶች ናቸው። ዘንድሮ 12 ገባ፣ 5ቱ ሴቶች። ከ30 በመቶ ወደ 42 ገደማ አደገ ብለን እናጨበጭባለን፤ የሴቶቹ ቁጥር ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ።

ተማሪ ባነሰ ቁጥር "ልጆቹ ዱር እንስሳ አይወዱም" ማለትም ስህተት ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ በር የሚደርሰው ሰው እንዲህ ካነሰ ክፍሉ ባዶ ቢሆን ምን ይገርማል? ደግሞ መርጣ የገባችና ውጤቷ አንሶ የተመደበች አንድ ላይ አይቆጠሩም።

ትልቁ ስህተት ግን መስኩን መርሳት ነው። አንድ ማለዳ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ከተማሪዎች ጋር ጉማሬ ልንቆጥር ወጣን። ባይኖኩላሩ ወንዶቹ አንገት ላይ፣ ጂፒኤሱም ወንዶቹ እጅ ላይ ነው፤ ሦስቱ ሴቶች "ጽሑፋችሁ ያምራል" ተብለው ደብተር ይዘው የተነገራቸውን ይጽፋሉ። ከመካከላቸው አንዷ ከደንገሉ ሥር ብቅ ያሉ ሁለት ጆሮዎች ከሁሉም ቀድማ አየችና "ያውላችሁ!" አለች። ባይኖኩላሩ የተሰጣት ያኔ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ደብተር ብቻ የያዘች ልጅ ለፓርክ ሥራ ስታመለክት ምን ሠርቻለሁ ትበል? ዕቃው በተራ ይዙር፣ በስም ዝርዝር።

እዚያው ላይ የምናፍርበት ጉዳይ አለ። ቀኑን ሙሉ መስክ ተውሎ መጸዳጃ የለም፣ ሞዴስ የሚቀየርበት ቦታም የለም። ልጅቷ ሽንት እንዳይመጣባት ውሃ ሳትጠጣ በዚያ ፀሐይ ትውላለች፤ ማታ ራሷን ሲያማት "ሴት መስክ አትችልም" ይባላል። አንድ ትንሽ ድንኳንና አንድ ጀሪካን ውሃ ጭኖ መሄድ ያቅታል እንዴ?

ሌላው ምዝገባ ላይ ቆጥሮ መተው ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ቦታ፣ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚሸጡ እናቶች ጋር ቁጭ ብላ የምታወራ ባለሙያ በጣም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ ከተመረቀች ከሁለት ዓመት በኋላ የት ናት? ስልኳን ያዙና ደውሉላት።