ለማን እንደምትመርጡ ካልወሰናችሁ መጀመሪያ የታክስ ወረቀታችሁን አውጡ

የአሜሪካ ሲቲዝን ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። እስካሁን ግን ምርጫ በመጣ ቁጥር እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ስብሰለሰል እቆያለሁ። ሚስቴ ትስቅብኛለች። እሷ ገና በበጋ ቁርጧን አውቃ ትጨርሳለች።

እኔን የሚያብሰለስለኝ የኑሮው ልዩነት ነው። ኡበር እነዳለሁ። እዚህ ቨርጂኒያ ማታ ማታ ከደላስ ኤርፖርት ሰው ጭኜ የሀብታሞቹ ሰፈር ማክሊን አደርሳለሁ። የግቢው በር ራሱ ይከፈታል። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ የኛን ሕንፃ ፓርኪንግ ያክላል። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል ነድቼ ቤይሊስ ክሮስሮድስ እገባለሁ። እኛ ጋ የልብስ ማጠቢያው ለፎቁ ሁሉ አንድ ነው፤ እሱም ሰሞኑን ተበላሽቷል። ቅናት እንዳይመስላችሁ፤ ሰውዬው ደህና ቲፕ ይሰጣል። ግን ይህን ልዩነት የሚያሰፋው የትኛው ተመራጭ ነው? የሚያጠበውስ? እንደኔ ላልወሰነ ሰው የምሄድበትን መንገድ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

በመጀመሪያ ከአገር ቤት ጋር መወዳደር ይቅርባችሁ። ገቢዬን በብር ስመነዝረው እኔም ሀብታም ነኝ፤ እናቴም እንደዚያ ነው የምታወራው። ኪራዬን ግን በብር አልከፍልም።

ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን ዝጉ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ቡና እስኪፈላ የታክስ ወረቀታችንን፣ የኪራይ ውሉንና የሚስቴን የደመወዝ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እዘረጋለሁ። እያንዳንዱን ቁጥር በጣቴ እየነካሁ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ቁጥር መለወጥ የሚችለው ማነው?

የታክሱን ነገር እንይ። ተቀጣሪ ስላልሆንኩ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታው) እና ለሜዲኬር (ለአዛውንቶች ሕክምና) 15.3 ከመቶ እከፍላለሁ። 12.4ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ ነው። እሱ ግን ጣሪያ አለው፤ በ2025 ጣሪያው 176,100 ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ ሠርቶ ያገኘ ሰው ከጣሪያው በላይ ባለው ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ ሳንቲም አይከፍልም። እኔ ያንን ጣሪያ ከሩቅም አላየሁት፤ ስለዚህ ከሞላ ጎደል በገቢዬ ሁሉ ላይ እከፍላለሁ። የማክሊኑ ሰውዬ ደግሞ ከዓመት በላይ የያዘውን አክሲዮን ሸጦ ቢያተርፍ፣ ትርፉ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባል ነገር የለም። የፌዴራል ገቢ ግብሩም ቢበዛ 20 ከመቶ ነው፤ ገቢው ከፍ ካለ 3.8 ይጨመርበታል። ደመወዝ ላይ ግን ግብሩ እስከ 37 ከመቶ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የኮንግረስ ሥራ ነው። ለኮንግረስ የሚወዳደር ሰው ስለ "መካከለኛው መደብ" ሲያወራ ከነዚህ ቁጥሮች የትኛውን እንደሚነካ ጠይቁት።

እጄን አፌ ላይ ያስጫነኝ ግን የቨርጂኒያው የግብር ወረቀት ነው። በ2025 ታክስ ላይ ከፍተኛው እርከን 5.75 ከመቶ ነበር። የሚጀምረውስ ከስንት ይመስላችኋል? ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ከ17,000 ዶላር በላይ ካላችሁ ገብታችኋል። እኔም፣ ሚስቴም፣ ሰውዬውም እዚያው እርከን ላይ ነን! ወንዙን ስትሻገሩ ዋሽንግተን ዲሲ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ባለው ገቢ ላይ 10.75 ታስከፍላለች። ሜሪላንድም በ2025 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ለሚያገኙ አዲስ እርከን ጨምራለች። የኛን የሚወስነው የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ ያለው ምክር ቤት ነው፤ አብዛኛው አበሻ ስሙን እንኳ የማያውቀው የሰፈር ተወካይ ማለት ነው። የምናውቀው ፕሬዚዳንቱን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናዘዝ። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ጊዜ በኢትዮጵያ ጉዳይ ዋሽንግተን ላይ ተናደን ንዴታችንን ሪችመንድ ላይ የተወጣን ሰዎች ነበርን። ገዥ ደግሞ የውጭ ጉዳይ አይመለከተውም። ሌላ ጊዜ ለካውንቲ፣ ለአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ የሚወዳደር ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ በር ላይ ግማሽ ሰዓት አቆምኩት፦ "ኪራይ ላይ ገደብ ታደርጋለህ ወይስ አታደርግም?" እያልኩ። ለካ በቨርጂኒያ ሪችመንድ ካልፈቀደ ካውንቲ የኪራይ ገደብ ማውጣት አይችልም። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ጓደኛዬ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ ነው። እነሱ በ2023 ሕግ አውጥተዋል፤ አዳዲስ ሕንፃዎችን ሳይጨምር፣ አከራይ በዓመት ከ6 ከመቶ በላይ መጨመር አይችልም። እኔ የሱን ሕግ አይቼ ነው ያንን ምስኪን ሰው በብርድ ያቆምኩት።

ማን ምን እንደሚወስን ከለያችሁ በኋላ የተናገሩትን ትታችሁ ያደረጉትን ፈልጉ። ለምሳሌ በሕግ የተወሰነውን ትንሹን የሰዓት ክፍያ ውሰዱ። የፌዴራሉ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል፤ ሁለቱም ፓርቲዎች በየተራ ሥልጣን ይዘው አልፈዋል። ቨርጂኒያ በ2020 ባወጣችው ሕግ እየጨመረች በ2023 12 ዶላር፣ በ2025 12.41 ደረሰች። ወደ 15 የሚያደርሰው ረቂቅ በ2024ም በ2025ም በምክር ቤቱ አልፎ፣ የያኔው ገዥ ግሌን ያንግኪን ሁለቴም ውድቅ አድርገውታል። ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚለው በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በስም ተዘርዝሯል። የረቂቁን ቁጥር አስገብታችሁ የተወካያችሁን ስም መፈለግ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በዚያው ለዘመቻው ገንዘብ የሰጠው ማን እንደሆነም እዩ። በቨርጂኒያ አንድ ሰው ለሪችመንዱ ምክር ቤት ተወዳዳሪ የሚሰጠው ገንዘብ ገደብ የለውም።

አሁን ከባዱ ነገር መጣ። "ለድሃ የሚጠቅም" የተባለ ሁሉ ይጠቅማል ብላችሁ አትሩጡ፤ የሚጎዳውን ሰው ፈልጋችሁ አናግሩ። ዲሲ ውስጥ ሕዝቡ በ2022 የቲፕ ሠራተኞች መነሻ ክፍያ ደረጃ በደረጃ ከሌላው ሠራተኛ ጋር እኩል ይሁን ብሎ በድምፅ አጸደቀ። በ2025 የዲሲ ምክር ቤት አሻሽሎ አለዘበው። የሚስቴ እህት እዚያ ምግብ ቤት አላት፤ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሌላ ምግብ ቤት ታስተናግዳለች። ሁለቱንም አንድ የልደት በዓል ላይ አገኘኋቸው። የምግብ ቤቱ ባለቤት "ሰርቪስ ቻርጅ ካልጨመርኩ እዘጋለሁ፤ ስጨምር ደግሞ ደንበኛ ይሸሻል" አለች። አስተናጋጇ "ሰኞ ማታ ሦስት ጠረጴዛ ብቻ ሲኖረኝ በቲፕ ኪራይ ልከፍል ነው?" አለች። ዶሮው ቀዘቀዘ፣ ክርክሩ አልበረደም። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ በመጨረሻ ወደ አስተናጋጇ አደላሁ፤ ምክንያቱም የሚስቴ እህት ምግብ ቤቷ ባይሆንላት ሌላ በር አላት፣ ልጅቷ ግን የላትም። እናንተ ሌላ ልትሉ ትችላላችሁ። ብቻ ሁለቱንም ሳትሰሙ አትበሉ።

የመጨረሻው ሥራ ቀላል ነው። የናሙና ድምፅ መስጫውን ከምርጫ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አውጡ። በየስሙ ፊት አንድ መስመር ጻፉ፦ ከኔ ቁጥሮች የትኛውን ይነካል? ወዴት? መልስ ያጣችሁበት ቦታ ላይ ጥያቄ ምልክት አድርጉ። አንዱን ቦታ ባዶ ብትተዉት የሌላው ድምፃችሁ አይበላሽም። ቨርጂኒያ ውስጥ ምርጫው 45 ቀን ሲቀረው ቀድሞ መምረጥ ስለሚቻል በሥራ ማሳበብም አይቻልም።

ባለፈው ጊዜ አናንዴል ምርጫ ጣቢያው ደጃፍ መኪና ውስጥ ሆኜ ያንን ወረቀት እያየሁ ነበር። ሁለቱ መስመሮች ላይ ስም አለ። ሦስተኛው ላይ ጥያቄ ምልክቱ እንዳለ ነው። ሚስቴ መርጣ ወጥታ፣ ደረቷ ላይ ተለጣፊውን ለጥፋ የመኪናውን መስኮት አንኳኳች። "አሁንም እያሰብክ ነው?"